እሺ ብሎ የተመለሰ ሽማግሌ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ይህን የምናገረው ራሴን ለመውቀስ ብዬ አይደለም፤ ካርዴ ላይ ተጽፏል። ባለፈው ዓመት ጤና ጣቢያ ሄጄ የደም ግፊቴን የለካችኝ ነርስ መሣሪያው የተበላሸ መስሏት ደግማ ለካችኝ፤ በሦስተኛው መሣሪያውን ትታ እኔን ማየት ጀመረች። «ጋሼ፣ የሚኖሩት ከማን ጋር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሰው ጋር ነው አልኳት። ጨው ይቀንሱ፣ ቅባት ይቀንሱ፣ ንዴት ይቀንሱ ብላ ሸኘችኝ። ጨውና ቅባቱን ባለቤቴ ውድነሽ በዚያው ቀን ቀነሰችልኝ። ንዴቱን ግን ማን ይቀንስልኝ?

ሥራዬን ብነግራችሁ ደግሞ ትፈርዱልኛላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ቅሬታ ተቀባይ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጡረታዬ ገና አልደረሰም። ከጠዋት እስከ ማታ ሰው በተራ እየገባ ይቆጣኛል፤ እኔም በተራዬ እቆጣለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ደብዳቤ እንጽፋለን። ይህን ወንበር ለእኔ ዓይነቱ ሰው የሰጠው ማን እንደሆነ ቅሬታ ላቀርብ አስቤ ነበር፤ ተቀባዩ ራሴ ሆንኩና ተውኩት።

መድኃኒቱን ያገኘሁት ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ከተከራየ መምህር ነው። ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምራል፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሹራብ የሚለብስ ሰው ነው። አንድ ጠዋት ውሃ አልመጣም ብዬ ቧንቧውን ቆሜ ስሰድብ በመስኮቱ አየኝ። ስድቡን እስክጨርስ በትሕትና ጠበቀኝና በስቴፕለር የተያዘ የኮፒ ወረቀት ይዞ ወጣ። «ጋሼ፣ ይቺን ያንብቧት፤ ለእርስዎ የተጻፈች ነው የምትመስለው» አለኝ።

ስለ ስቶይኮች የምታወራ ወረቀት ነበረች። ስቶይኮች ማለት ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በግሪክና በሮም አገር የነበሩ ፈላስፎች ናቸው። ከመካከላቸው ባሪያ የነበረ አለ፤ ንጉሥ የነበረም አለ። ባሪያና ንጉሥ በአንድ ነገር ተስማሙ ማለት ነው። ይህ ብቻውን አስገረመኝ፤ በእኛ መሥሪያ ቤት ኃላፊውና ጥበቃው ስንት ሰዓት እንደሆነ እንኳ አይስማሙም። ትምህርታቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ በእጅህ ያለና በእጅህ የሌለ። ሐሳብህና የምታደርገው ነገር በእጅህ ነው። የሰው አፍ፣ የአየሩ ጠባይ፣ ሹመት፣ ሞት፣ ቧንቧ በእጅህ አይደለም። ቧንቧውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሰው የሚቃጠለው በእጁ የሌለውን እንደ ራሱ ንብረት ሲቆጥር ነው ይላሉ። ስምንት ገጽ አንብቤ ስጨርስ ሃምሳ ሁለት ዓመት የባከነብኝ ሆኖ ተሰማኝ። የቀረውን በልቤ ጨርሼ በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የያዝኩት ምቾት መተውን ነው። ፈላስፎቹ ሰው አልፎ አልፎ ራሱን በፈቃዱ ማስቸገር አለበት ይላሉ፤ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብን ያመሰግናሉ። እነዚህ ሰዎች ጥቅምትን ደብረ ብርሃን መጥተው አላሳለፉም። በዚያ ወር ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል፤ እኔም ለመታጠብ በርሜሉ ላይ የተጋገረችውን በረዶ በጣሳ ቂጥ መስበር ነበረብኝ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ «ብርድ ሐሳብ ነው፣ ብርድ ሐሳብ ነው» ስል ጎረቤታችን በአጥር ሰምታኝ ለውድነሽ፣ ባልሽ በልሳን መጸለይ ጀመረ እንዴ አለቻት።

ቀጥሎ ያለው ትምህርት የምትወደውን ነገር ስታይ አንድ ቀን እንደምታጣው አስብ የሚል ነው። እንዲያ ያሰበ ሰው ያ ቀን ሲመጣ አይደነግጥም፤ ነገሩ በእጁ እስካለ ድረስም ያከብረዋል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ስህተቴ ከውድነሽ መጀመሬ ነው። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ስታቀርብልኝ ትክ ብዬ አያትና በሆዴ እሰናበታታለሁ። በሳምንቱ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታየኝ አለች። ፈላስፋ አይዋሽም ብዬ እንደሞትሽ አድርጌ እያሰብኩሽ ነው አልኳት።

ሳህኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «ቀብሬ ላይ ሰው መጥቷል?» አለችኝ።

ብዙ ሰው ነው አልኳት።

«አንተስ አለቀስክ?»

መዋሸት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። አላለቀስኩም አልኳት። እስከዚያን ቀን ወጤ ውስጥ ጥቂት ጨው ቀርቶ እንደነበር ያወቅኩት ከዚያ ወዲያ ነው።

ሥራ ቦታ ግን ቀናኝ። ፋይሏ የጠፋባት ሴትዮ እያለቀሰች ገባች። እህቴ፣ ፋይሉ በእጅሽ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። በእጄ ቢሆንማ እዚህ ምን አመጣኝ አለች። እንግዲያው በእጅሽ ባልሆነ ነገር ምን ያስጨንቅሻል አልኳት። ለረጅም ጊዜ ካየችኝ በኋላ እንባዋን ጠርጋ ወጣች፤ የተጽናናች መሰለኝ። ከእሷ በኋላ የመጡትንም ሁሉ እንዲሁ እያጽናናሁ ሸኘሁ። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ አንድም የተመዘገበ ቅሬታ አልነበረም። ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ አስነሥተው አስጨበጨቡልኝ፤ ሌሎች የሥራ ክፍሎችም ከእኔ ልምድ እንዲወስዱ አሳሰቡ። እንግዲህ እንዲህ ጭብጨባ የጠገበ ሰው ነው ሽማግሌ ሆኖ አንኮበር የወጣው።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣላችሁ። ብሩክ የታላቅ እህቴ ልጅ ነው። እህቴ ስትሞት አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደግነው እኔና ውድነሽ ነን። አሁን ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ብርድ ልብስ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። እጁ የነካው ነገር ይነሣል፤ አፉ ግን ብዙ አያወራም። እመቤትን የተዋወቃት ደብረ ብርሃን ስትማር ነው። አሁን እሷ አንኮበር መምህርት ናት፤ ከአባትና ከእናቷ ጋር ትኖራለች። አራት ዓመት በስልክና በሚኒባስ ተዋደዱ። በመጨረሻ ብሩክ አንድ እሑድ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ጋሼ፣ ሽማግሌ ላክልኝ አለኝ። ይህን ለመናገር ሦስት ኩባያ ሻይ ጠጥቷል።

ሦስት ሆነን ሄድን። አፈ ጉባኤያችን ጋሽ ሽፈራው ነበሩ። ጋሽ ሽፈራው ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ እሳቸው ጠይቀው ያልተሰጠ ልጅ የለም ይባላል። ሁለተኛው የነፍስ አባታችን ቄስ ኃይሌ ናቸው። እሳቸው ከመነሻው፣ የእኔ ሥራ መመረቅ ነው፤ ክርክር አልችልም ብለውናል። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ሥራዬ መቆም ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ የተሳፈርንበት ሚኒባስ አንዱ የጎን መስኮት አልዘጋ ብሎ ነበር፤ ጋሽ ሽፈራው የተቀመጡትም እዚያው መስኮት ሥር ነው። ገና ከተማውን ሳንወጣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ቦታ እንድንለዋወጥ ጠየቁኝ። እኔም ብርዱ ራሱ እንደማይጎዳ፣ የሚጎዳው ስለ ብርዱ ያለን ሐሳብ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ይህን የምላቸው ከሾፌሩ ኋላ፣ ሞተሩ ሙቀት ላይ ተቀምጬ ነው። ሾፌሩ ንግግሬን በጣም ወደደው፤ በመስታወቱ እያየኝ ራሱን ነቀነቀ። እስከ አንኮበር ድረስ ስለ ትዕግሥት አወራኋቸው፤ እሳቸውም ታገሡ።

ከመኪና ስንወርድ አንድ የሚያውቃቸው ሰው ሰላም አላቸው። ጋሽ ሽፈራው አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ነገር የበር ማጠፊያ ሲጮህ ይመስል ነበር። ደግመው ሞከሩ፤ እሱም ቀረ። ሦስታችንም እዚያው መንገድ ላይ ቆመን ተያየን። ቄስ ኃይሌ ቶሎ ብለው፣ የእኔ ሥራ መመረቅ ነው አሉ። ቃል የመናገሩ ነገር በዚህ ዓይነት እኔ ላይ ወደቀ። እንደ ድሮዬ ቢሆን እደነግጥ ነበር። አሁን ግን በእጄ ያለውን አደርጋለሁ ብዬ ሸማዬን አስተካከልኩና ቁልቁለቱን ወረድኩ።

የእመቤት አባት መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ። ቤታቸው ከከተማው ወረድ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ ከደጃፉ ሲታይ ቆላው ከእግር ሥር ተዘርግቷል። ረጅም፣ ነጭ ጢማቸውን ያበጠሩ፣ ዓይናቸው ደከም ያለ ሰው ናቸው። እንደምንመጣ እንደሚያውቁ ያስታውቃል። ቤቱ ተጠርጓል፣ አዲስ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ከጓዳ የዶሮ ወጥ ሽታ እየመጣ ነው። ተቀመጡ አሉን፤ በወጉ መሠረት ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ምንድን ነው ጉዳያችሁ አሉ፤ ሰው ሁሉ እንደሚለው ልጅዎን ለልጃችን አልኩ። እስከዚህ ድረስ ጋሽ ሽፈራው እንኳ በዓይናቸው አመስግነውኛል።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ገና ልጅ ናት፤ ትምህርቷም አልጠናላትም። እናንተንም ገና አናውቃችሁም። አይሆንም» አሉ።

እመቤት ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ስታስተምር ኖራለች። ጋሽ ሽፈራውንም በስማቸው ጠርተው ያስገቡን ራሳቸው መሪጌታ ናቸው። ይህ ወግ ነው። አባት እንቢ ይላል፣ ሽማግሌ ይለምናል፣ አባት ይደግማል፣ ሽማግሌ ይወድቃል ይነሣል፤ በመጨረሻ አባት በረጅሙ ተንፍሶ እንግዲህ ምን ይደረጋል ይላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ለራሴ ጋብቻ ሽማግሌዎች አራት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ አንደኛው እስካሁን ጉልበቱን ሲያመው ስሜን ያነሣል።

ታዲያ ምን ነካህ ትሉኝ ይሆናል። እንቢ የሚለው ቃል ጆሮዬ ሲገባ ያች የማውቃት እሳት ደረቴ ላይ እስክትነሣ ጠበቅኳት። አልተነሣችም። ደግሜ ጠበቅኳት፤ የለችም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ለፊት እንቢ ብሎኝ ልቤ እንደ ሐይቅ ረግቶ ቀረ። ደስታው አሰከረኝ። የብሩክ ነገር፣ የልጅቷ ነገር፣ የዶሮው ነገር ሁሉ ከአእምሮዬ ወጣ፤ የሚታየኝ የራሴ እርጋታ ብቻ ነበር።

«መሪጌታ፣ ፈቃድ በእርስዎ እጅ እንጂ በእኛ እጅ አይደለም» አልኩ። «እንቢ ካሉ እንቢ ነው። በደስታ ተቀብለናል። እግዜር ይስጥልን።» እጅ ነሥቼ ወደ በሩ ዞርኩ።

ጓዳ ውስጥ ሲንኳኳ የነበረው ማማሰያ ቆመ። መሪጌታ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። በዕድሜያቸው ብዙ ሽማግሌ አስተናግደዋል፤ የታዘዘ ሽማግሌ ግን አላዩም። ትንሽ ቆይተው፣ ቆይ እስቲ፣ ነገሩ ዘመድም ይመከርበታል፣ እንዲህ በአንድ ጊዜ የሚቆረጥ አይደለም እያሉ መንገድ ሊከፍቱልኝ ሞከሩ። እኔ ግን እንዳይጸጸቱ አዘንኩላቸው። አይጨነቁ፣ ቂም የለንም፤ የእርስዎም ልጅ ከአባቷ ጋር ትኑር፣ የእኛም ልጅ ሌላ አያጣም ብዬ አጽናናኋቸው። ከመጋረጃው ኋላ አንድ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ።

ጋሽ ሽፈራው የኮቴን ጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ይጎትቱኛል። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አንገታቸው ላይ ሥሩ ተነሥቷል፤ የሚሰማው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። እኔ የበረዳቸው መስሎኝ ቶሎ እንሂድ አልኳቸው። ቄስ ኃይሌ የተጨረሰ መስሏቸው መስቀላቸውን አወጡና፣ እንግዲህ ልመርቅ አሉ። መሪጌታም በጣም በዝግታ፣ ምኑ ላይ ብለው ጠየቋቸው።

ዳገቱን ወጥተን ሚኒባስ ስንጠብቅ ጋሽ ሽፈራው ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው ጻፉና ቀድደው ሰጡኝ። አንድ ቃል ነበረች፦ ከብት። ወረቀቷን መልሰው ተቀብለውኝ ከሥሯ ጨመሩባት፦ ዶሮው ሸትቶኝ ነበር።

ደብረ ብርሃን ሳንደርስ ወሬው ደርሷል። እመቤት ለብሩክ እያለቀሰች ደውላለች፤ አባቴ «ልጄ ሁለተኛ ልመና እንኳ አይገባትም ወይ» ብለው ምግብ አልቀመሱም ብላዋለች። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በሳምንቱ አንኮበር ውስጥ ሌላ ነገር መወራት ጀመረ። ሽማግሌ በአንድ እንቢታ የተመለሰው ከልጅቷ አንድ ነውር ቢሰማ ነው ተባለ። ምን ነውር እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ሁሉም የመሰለውን ጨመረበት። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ መምህራን ዝም ይላሉ አሉ። ይህን ስሰማ ልቤ እንደ ሐይቅ መሆኗን ትታለች፤ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ብሩክ ከአንኮበር በተመለስንበት ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ቤት መጣ። ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ቁጣ ከንቱነት የምነግረውንም አሰናድቻለሁ። አልጮኸም። ተቀመጠ፣ የቀረበለትን ውሃ ጠጣ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ወራት ሙሉ እየጠራሁ የሰበክሁት እሱን ነበር፤ ሁልጊዜ አንገቱን ደፍቶ ይሰማኝ ነበር።

«እሺ ጋሼ፤ በእጃችን አይደለም» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ብርጭቆውን ራሱ አጥቦ ሄደ።

እኔ ለውድነሽ ዞሬ፣ አየሽ፣ ገባው እኮ አልኳት። ውድነሽ በሩን እያየች ነበር። «እናቱ የሞተች ቀን እንዲህ ነበር» አለች።

ያን ቀን ረስቼው አላውቅም፤ አላነሣውም እንጂ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ መጥረጊያ ፈልጎ ግቢውን ጠረገ። ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና ከዳር ጀመረ። ድንኳን እስኪነሣ ሲጠርግ ሰነበተ፤ ሰውም እንዴት ያለ ጠንካራ ልጅ ነው አለ፤ እኔም ብያለሁ።

አሁን ደግሞ መጠገን ጀመረ። ከሥራ ሲወጣ ይመጣና የበራችንን ማጠፊያ ይጠግናል፣ በማግስቱ አሸንዳውን፣ በሦስተኛው ቀን ዓመት ሙሉ ያልሠራውን ራዲዮኔን። የተበላሸው ሲያልቅበት ያልተበላሸውን ፈትቶ መግጠም ጀመረ። ቧንቧውን እንኳ ሠራው፤ ውሃ መጣ። በአሥረኛው ቀን ምጣድ የሚያህለውን የግድግዳ ሰዓታችንን ፈትቶ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሳለ፣ አንገቱን ሳያቀና፣ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ከወሩ መጨረሻ ወዲያ እዚህ የለሁም አለን። ውድነሽ ተነሥታ ወጣች። እኔ ቁጭ አልኩ። አንድ ነገር ልናገር አሰብኩ፤ የማውቀው ቃል ሁሉ እሱ አስቀድሞ የተናገረው ነበር።

በማግስቱ መምህሩን በር ላይ ጠብቄ ወረቀቱን መለስኩለት። ፈላስፎችህ ቤቴን አፈረሱት አልኩት። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና እስከ መጨረሻው አንብበውታል ወይ አለኝ። እስከ ስምንት ገጽ አልኩት። ገጽ አሥራ ሁለትን አውጥቶ አሳየኝ። እዚያ ላይ እንደተጻፈው ሰው ብቻውን አይደለም፤ አባት ነው፣ አጎት ነው፣ ጎረቤት ነው፤ የአባትነቱንና የጎረቤትነቱን ሥራ አሟልቶ መሥራት ደግሞ በእጁ ካሉት ነገሮች ዋናው ነው።

«የመሪጌታ መልስ በእጅዎ አይደለም፤ መለመኑ ግን በእጅዎ ነበር» አለኝ። «እርስዎ የተዉት የራስዎን ድርሻ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ይቀመጣል ብዬ ጮህኩበት። ስጮህ ደረቴ ላይ ያች እሳት ቦግ አለች። ስንት ጊዜ ሆነን ሳንገናኝ። እንደተናደድኩ ወደ ሚኒባስ ተራው ሄድኩ፤ ለጋሽ ሽፈራውም ለቄስ ኃይሌም አልነገርኩም።

በእኛ አገር ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቅ። አንኮበር ስደርስ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ መምረጥ ያዝኩ። ትንሽ ከሆነ ንቀት ነው፤ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ጤና ጣቢያ የለካችኝ ነርስ ትታየኛለች። መካከለኛ አግኝቼ ጫንቃዬ ላይ ሳስተካክል አህያ የሚነዳ ገበሬ ቆመና ለምን ጥፋት ነው አለኝ። ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ በአንድ እንቢታ ተመለስኩ አልኩት። አህያውን አቆመ። ያ ሰውዬ አንተ ነህ እንዴ አለኝ። ድንጋዬን ከላይ እስከ ታች መረመረና፣ ለዚህማ ይቺ አትበቃም ብሎ እጥፍ የምታክል ሌላ መርጦ ራሱ አሸከመኝ።

መሪጌታ ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ጉም ከገደሉ ሥር እየወጣ ነው። ፊታቸው ስደርስ ድንጋዩ ከበደኝና ሳላስበው ተንበረከክሁ፤ እሳቸው በትሕትና መስሏቸው ይሆናል። በመንገድ ላይ ያሰናዳሁትን ንግግር ተውኩት። ስለ ብሩክ ጀመርኩ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ መጥረጊያ ይዞ እንዴት እንደነበር ነገርኳቸው፤ ሰዓቱን ፈትቶ ጭኑ ላይ እንዴት እንደዘረጋው ነገርኳቸው። የልጅዎን ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ነውሩ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም አልኩ። መካከል ላይ ጮህኩ መሰለኝ፤ አለቀስኩም። ውድነሽ አለማየቷ ቆጨኝ።

እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ «ድንጋዩን አውርደው» አሉ። አወረድኩት። ያን ቀን የተናገርከውን የት ነው የተማርከው ብለው ጠየቁኝ፤ ስለ ስቶይኮች ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ብዙው አልከፋቸውም፤ እንዲያውም አንዳንዱን የእኛም አባቶች ይሉታል አሉ።

«እነዚህ ሰዎች ሴት ልጅ ድረው ያውቃሉ?» አሉኝ።

አላውቅም፤ ያነበብኩት ላይ የለም አልኳቸው።

ጉሙ ደጃፉ ላይ ደረሰ። ሲናገሩ ወደ እኔ አላዩም።

«ተቀየመ ተብሎ ተወራብኝ። እኔም አላስተባበልኩም። እውነቱን ልንገርህ፤ እሺ ብለህ ስትወጣ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ነው አፍሬ ምግብ የተውኩት። የልጆቼ መጨረሻ ናት። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ማታ መጽሐፍ የምታነብልኝ እሷ ናት፤ እኔ እስክተኛ ታነባለች፣ ከተኛሁም በኋላ ትንሽ ታነባለች። እንቢታ ለወግ ነው ትላላችሁ። አባት እኮ ደጋግሞ እንቢ የሚለው ልቡን እስኪያለማምድ ነው። እኔ ሦስት እንቢታ ነበረኝ፤ አንተ ሁለቱን ወሰድክብኝ።»

ምን ላድርግ አልኳቸው።

ተነሡና ወደ ውስጥ ገቡ። «ከደጅ ውጣና አንኳኳ» አሉኝ፤ በሩንም ዘጉት።

ልብሴን አራግፌ አንኳኳሁ። ማነው አሉ። የብሩክ አጎት ነኝ፤ ልጅዎን ለልጄ ልለምን መጥቻለሁ አልኩ። በሩን ገርበብ አድርገው፣ ደብረ ብርሃን ሩቅ ነው፣ ብርዱም ከባድ ነው፣ አይሆንም ብለው ዘጉት። ጥሩ፣ ጠንካራ እንቢታ ነበር። እንደገና አንኳኳሁ። በዚህኛው በሩን አልከፈቱም፤ ከውስጥ ሆነው እንቢ አሉ። ድምፃቸው ቀንሷል። ለመንኩ። ብሩክ በየሳምንቱ ራሱ ያመጣታል፣ መጽሐፏንም ይዛ ትመጣለች አልኩ፤ ያልተጠየቅኩትን ሁሉ ማልኩ።

ሦስተኛውን አንኳኳሁ። ማንም ማነው አላለም። ጉሙ ወደ ካፊያ ተለውጦ ትከሻዬ ላይ መውረድ ጀመረ። ደግሜ ላንኳኳ እጄን አነሣሁና ተውኩት። ከውስጥ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም፤ ከዚያ የእግር ኮቴ።

በሩ ሲከፈት የመሪጌታ ዓይን ደም መስሏል። ግባ አሉኝ፤ ነገ ሁለቱንም ሽማግሌዎች ይዘህ ትመጣለህ፣ ለእናቷም እኔ እነግራታለሁ አሉኝ። ከዚያ እያየኋቸው መሆኔን አስተዋሉና ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሹት።

«ጭስ ነው» አሉ።

ባለቤታቸው ከጠዋት ጀምሮ ገበያ ስለዋሉ በዚያ ቤት እሳት አልተጫረም ነበር። «አዎ፣ ጭሱስ ከባድ ነው» አልኳቸውና እኔም በሸማዬ ጫፍ ዓይኔን እየጠረግሁ ገባሁ።